ፀጉር የማታስገባዋ ጋራዥ

እንደምን ዋልክ ወዳጄ። ብርዱ አንተንም አልማረህም መሰለኝ፤ ማሞቂያ ሻጭ ኮፍያና ሻርፕ አድርጎ ሳይ ዛሬ ገና ነው… ስቀልድ ነው። ልቀመጥ? ይቺ ወንበር ትችለኛለች? ጉልበቴ እንደሆነ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ እኔ ብቻ ነኝ ሥራ ላይ ያለሁት። እግዜር ይስጥህ።

ሱቅህ ደስ ይላል። ይሞቃል፣ አየርም አለው። ያቺን የላይኛዋን መስኮት ገርበብ አድርገህ ትተሃታል… አውቀህ ነው ወይስ ረስተህ? አውቀህ ነው? ጎበዝ። በዚህ ሁሉ እሳት መሀል ተቀምጠህ መስኮት የምትከፍት ሰው ነህ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አይገኝም።

እኔ ወሬ አልችልበትም። የቤቴ ሰዎች ያውቁኛል፤ ሰው አሥር ሲናገር አንድ ብናገር ነው። ማንበብም አልችልም። ይሄ ካርቶኑ ላይ የሰፈረው ሁሉ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። እንግዲህ አነጋገሬ ቢወላገድ አትቀየመኝ።

ያ እዚያ ማዶ ካርቶን የሚያገላብጠው ከእኔ ጋር ነው። የልጄ ባል ነው። አናጺ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው። የሚሠራው እቤቱ፣ ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ለጋራዡ ማሞቂያ ልንገዛ ነው የመጣነው። ቀስ ብሎ ይምረጥ፣ አትቸኩልበት። እንጨት ሲመርጥ ብታየው እንደ አራስ ልጅ ገላ ነው የሚዳብሰው። አንድ ጣውላ ስንጥቅ ቢኖረው ከሩቁ ያውቃል። ጣውላ ከሆነ…

እሱ እስኪመርጥ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ እሱ አይደለም። አማቼን እዚህ አስቀምጬ አምቼው ምን ላተርፍ? ስለ ሌላ ሰው ነው፤ አንተ አታውቀውም። እሱም አናጺ ነው… ምን ይደረግ፣ አናጺ በዝቷል። እሱም ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ዘንድሮ ሰው ሁሉ መኪናውን ደጅ እያሳደረ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ይሠራል። ነገሩ ከማንም ጋር ቢመሳሰልብህ መልክ ከመልክ ይገጥማል ብለህ እለፈው።

የዚያን ሰው መሳቢያ ብታይ። ቁም ሳጥን ሲሠራ፣ አንዷን መሳቢያ ገፋ ስታደርጋት ሌላዋ በአየሩ ተገፍታ ብቅ ትላለች። አይተህ ታውቃለህ? እኔ እስከ ሽበቴ አላየሁም ነበር። "ፀጉር አታስገባም" ይላል፣ ጠርዟን በጣቱ እየዳበሰ። እውነቱን ነው፣ አታስገባም። ሰው ሥራውን ሲወድ ደስ አይልም? ይወዳል። ከሚስቱ እኩል… አይ፣ እኩል እንኳ አልልም። ማጋነን አልወድም።

ብርዱ ሲገባ ታዲያ ኮላው አልይዝ አለው። ታውቀው የለም፣ ኮላ በብርድ ይፈዛል። ታጣብቃለህ፣ ታስራለህ፣ ጠዋት ስትፈታው ወንበሩ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ከነክብራቸው ወድቀውበታል አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ መሬት ላይ ሆነው "ቀለሙ ግን ጥሩ ነው" አሉ። እንግዲህ ማሞቅ ግድ ነበረበት። ይሄን ማንም አይፈርድበትም። እኔም አልፈርድ፤ ብርድ ብርድ ነው።

አንተ ብትሆን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ማሞቂያ ትገዛለህ። አናጺ ግን መጀመሪያ ዓይኑ የሚገባው ቀዳዳ ነው። የጋራዡን በር አውርዶ እንደ መሳቢያ እንደገና ገጠመው። ዙሪያውን ጎማ አለበሰው። ከግድግዳው በላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ቤቱን የሠራው ግንበኛ ረስቶ የሄደ መሰለው። "ግንበኛ መቼም ሥራ አይጨርስም" እያለ ጨረሰለት። ደግ ሰው ነው፤ ያልተጠየቀውን ሁሉ ይጨርሳል። በጣውላ ሸፈናቸው፣ በሲሊኮን አተማቸው፣ ቀለም ቀባቸው። አሁን ሄደህ ብትፈልግ የት እንደነበሩ አታገኝም። አንድ ሰው በመዳፉ ግድግዳውን ሲዳብስ ውሎ አጣቸው። የእጅ ሥራ ጥራት አይቶ የፈራው ያን ቀን ብቻ ነው አሉ።

በሩ ሲዘጋ ጆሮህ ድፍን ይላል። ወዲያው ወደ ማድቤት የሚያስገባው በር ራሱን በራሱ ብርግድ ይላል። ሰውዬው ይሄን አይቶ እንዴት ደስ አለው መሰለህ። "አየሽ፣ ቤቱ በሙሉ ቁም ሳጥን ሆነ" አላት ሚስቱን። ለማድቤቱም በር መቀርቀሪያ አበጀለት። መሳቢያው ውስጥ የሚቀረው ማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀውም… እሱም አልጠየቀ።

ጭስ መውጫ አያጣም ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ምስኪኖች፣ ይሄን ሰው ሳያውቁት ሞቱ።

ከዚያ ማሞቂያዋ መጣች። ልክ እንደዚያች ናት… ያቺ ጎማ ያላት፣ ሲሊንደሯን እንደ ልጅ ያዘለችው። አዎ፣ አማቼ አጠገቧ የቆመላት። መጥፎ ናት አልልህም፤ አንተም ትሸጣት የለም። መስኮት ከፈት ተደርጎ፣ ሰፊ ቤት ውስጥ፣ ሰው ለአፍታ እጁን ቢያሞቅባት ምን አለበት። ቅድም ለዚያች ደንበኛህ ስትነግራት ሰምቼሃለሁ። "የቤቱን አየር ነው የምትበላው፣ የበላችበትንም እዚያው ነው የምትተፋው" አልካት። እንዴት ያለ አነጋገር ነው። ያ ሰው የገዛበት ሱቅም እንዲሁ ነግረውታል አሉ። እሱ ግን ሲነግሩት ጎንበስ ብሎ ጎማዎቿን ነበር የሚያየው። ብየዳው አልጣመውም።

አሁን ጥያቄዬ ይኸውልህ። ማሞቂያዋ ትንሽ ትነድና ድርግም ትላለች። ያቀጣጥላታል፣ ትነዳለች፣ ድርግም። በሩን ከፍቶ ጣውላ ሲያስገባ ደህና ትነዳለች። ሲዘጋው ድርግም። ይሄ ለአንተ ምን ይነግርሃል?

አየህ፣ ወዲያው ገባህ። የቤቱ አየር ሲሳሳ ራሷን እንድታጠፋ ሆና ነው የተሠራችው። ሞኝ ዕቃ አይደለችም። እዚህ ቤት መተንፈስ አልቻልኩም ነው የምትለው። ለሰውዬውስ ምን ነገረችው? "ሰነፍ ናት" አለ። ሥራ ጠል ናት፤ ገና ከሱቅ ስትወጣ ዓይኗ ያስታውቅ ነበር አለ።

አናጺ ደግሞ ለሰነፍ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለው። ሞርሳ። ኮላ አልይዝ ካለ ሞርሳ። ጣውላ ከተጣመመ ሞርሳ። ማጥፊያዋን በሞርሳ ጠርንፎ ያዘልህና፣ ከዚያ ወዲያ ማሞቂያዋ ጠፍታ አታውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞርሳን ረስተውታል። "አየሻት፣ ሥርዓት ያዘች" አላት ለሚስቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ጋራዥ ውስጥ አቤት የምትል አንዲት ሴት ብቻ ቀረች…

ምን ወደቀ? የአማቼ ሜትር ነው? አይዞህ ልጄ፣ አንሣው። እጅ ሲቀዘቅዝ ዕቃ ያመልጣል።

ምን ላይ ነበርኩ? ሚስቱ። አብረው ነው የሚሠሩት። እሱ የወንበሩን አጥንት ያቆማል፣ እሷ ታለብሰዋለች። ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ በጥርሷ የያዘችው ምስማር… ብታያት ደስ ትላለች። እኔ አውቃታለሁ፤ በሩቁ ነው… ከተወለደች ጀምሮ። አታማርርም። እግሯ ላይ መዶሻ ቢወድቅ መጀመሪያ መዶሻውን የምታነሣ ልጅ ናት። አባቷ ጭምት ነው ይላሉ። እሱን እንኳ አላውቀውም።

ራሴን አመመኝ አለችው። "ውሃ ጠጪ" አላት፣ ጠጣች። ሆዴ ተገለባበጠ አለችው። "ቁርስ ሳትበዪ እየጀመርሽ ነው" አላት። በላች፣ ያንኑ መለሰችው። ጉልበቴ ከዳኝ አለችው። "ተቀመጪ" አላት። አየህልኝ? ለሁሉም መልስ አለው። ሐኪም አለመሆኑ ይቆጨኛል፤ ክሊኒኩ ወረፋ የሚባል ነገር አይኖረውም ነበር። እሷ ደግማ ስትናገር ሬዲዮውን ከፍ ያደርገዋል። ዘፈን ሕመም ያስረሳል ብሎ ነው። ለራሱ አይደለም፣ ለእሷው ነው።

ድመትም ነበረቻቸው። ሰጋቱራ ላይ መተኛት የምትወድ ወፍራም ድመት። ማሞቂያዋ ሥርዓት ከያዘች ወዲህ ድመቷ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታይና ተመልሳ ትሄዳለች። ድመት ሙቀት ጠላች ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ሰውዬውን ጠየቁት። "ጠግባለች" አለ። ድመቷ እንግዲህ ጎረቤት ገባች። ድመት መሆን ደግ ነው፤ ቤት ስትለቅ "ትዳርሽስ?" የሚላት የለም።

እሱስ እንዴት ሳይታመም ቀረ ልትለኝ ነው… አላልክም? ፊትህ ብሎኛል። ሲጋራ ያጨሳል። ቫርኒሽ ባለበት ክብሪት አይጫርም ብሎ በየጊዜው ደጅ ይወጣል። ጥንቃቄ ማለት ይሄ ነው። ክብሪት እሳት ነዋ፤ ማሞቂያዋ ግን… የቤት ዕቃ ናት። ደጅ ቆሞ ያጨሳል፣ ንጹሕ አየሩን ይስባል፣ ይመለሳል። ሲጋራ ያተረፈው ሰው ሳይ እሱ የመጀመሪያዬ ነው። ፓኮው ላይ ይገድላል ተብሎ ተጽፏል አሉ፤ እኔ እንደነገርኩህ ፊደል የለኝም። ማሞቂያዋ ላይስ ምን ተጽፎ ይሆን? እሱ ማንበብ ይችላል… ይችላል ነው ያልኩህ፣ ያነባል አላልኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሮች ሊያደርስ ወጣ። ሙቀቱ እንዳያመልጣት በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋላት። ብቻዬን ነኝ እንዳትል ሬዲዮውን ከፈተላት። ሲመለስ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ማሞቂያዋ ትነዳለች፣ እሷ ደግሞ ያልተጨረሰ ወንበር ላይ ጉንጯን ጣል አድርጋ ተኝታለች። ፊቷ ቀልቷል። "አምሮባት ነበር" አለ በኋላ። ስለ ሚስቱ መልክ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው… ሰዎች የሰሙት ማለቴ ነው።

ሊቀሰቅሳት አልጨከነም። ደክሟታል፣ ትንሽ ትተኛ አለ። ኮቱን አውልቆ ደረበላት። እንዲህ ያለ አሳቢ ባል ስንቷ ትመኛለች? በሩ እንዳይጮህባት ቀስ አድርጎ ዘጋና… ሊያጨስ ወጣ።

አንድ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፍ ነበር። መንገደኛ ነው። ትራስ ልስፋልህ ብላው ኖሮ ትራሱን ሊወስድ ጎራ አለ። በሩ አልከፈት አለው፤ ጥራት አለዋ። በትከሻው ገፋው። ጠራት። ደግሞ ጠራት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሽማግሌው አያወራም። ጭምት ነው። መሄድ ያቃተው ጉልበቱ እንዴት አድርጎ እንዳነሣት፣ እንዴት ጎትቶ ወደ ግቢው እንዳወጣት እሱም አያውቅም። መሬቱ ብርድ ነበር። የተደረበላት ኮት አብሯት ወጣ። ሰውዬው ሲጋራውን ይዞ ቆሞ ነበር። "ብርድ ይመታታል እኮ" አለ።

…

እህ። ሻይ ነው? እግዜር ይስጥህ፣ አስቀምጥልኝ።

ክሊኒክ ወሰዷት። ሐኪሟ ምን በላሽ አላለቻትም። መጀመሪያ የጠየቀችው "ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ?" ብላ ነው። ሰውዬው ተሽቀዳድሞ መለሰ። "ምንም አናነድም። ጋዝ ነው።" … ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የማሞቂያው መርዘኛ ጭስ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ መስሎ ይመጣል አለችው። እሱ ደግሞ የማይታይ ነገር አይዋጥለትም። በሜትር አይለካማ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እውነት ነው። የዚህኛው ሰው መከራ ግን አድራሻ ተሳሳተ። ልጅቷን መከራት። ብልህ በሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ ይማራልም ይላሉ። በሚስቱ ራስ የሚማረውን ምን ብለው እንደሚጠሩት አልነገሩንም።

አሁን አባቷ ቤት ናት፤ ያ የማላውቀው ሰውዬ ቤት። ተሽሏታል። ራስ ምታቱም ቀንሶላታል። የነገር ስም ብቻ አንዳንዴ ይጠፋባታል። ትናንት መቀስ አቀብለኝ ልትል ፈልጋ "ያንን… የሚቆርጠውን" አለች። ስትሠራበት የኖረችውን መቀስ። ከዚያ ሳቀች፤ አባቷም ሳቀ። ሐኪሟ ይመለሳል ብላለች። ይመለስ ይሆናል።

ሰውዬው ዛሬ ሊወስዳት መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጢሙን ሳይላጭ ነው የመጣው። "ወንበሮቹ እየጠበቋት ነው" አለ። ናፈቀችኝ ማለቱ ነው፤ አናጺ እንዲህ ነው የሚናፍቀው። አባቷ ምን አለ? "መጀመሪያ ማሞቂያ እንግዛ" አለ፣ በቃ። ምን ዓይነት እንደሚገዛም አልነገረውም። አማች ይመከራል እንጂ አይታዘዝም። አባትዬው የፈለገው አንድ ነገር ማየት ነው፤ ማንም ሳያዝዘው እጁ የቱ ላይ እንደሚያርፍ። አፍ ይቅርታ ማለት አያቅተውም። እጁ ያችኑ የመጀመሪያዋን የመሰለች ካነሣ ግን… ልጅቷ አባቷ ቤት ትቆያለች። እስከ መቼ? እኔ ምን አውቄ፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? የአማቼን ጆሮ ተመልከትልኝ። ዛሬ ዘመድ ሳይሆነው አልቀረም፤ ቀላ። ሱቅህ ሞቆበት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

እንግዲህ ለዚያ ሰው የሚሆነውን አሳየኝ። ለእሱ ይሁን እንጂ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አስረዳኝ፤ ጆሮዬ ደከም ይላል። ያ ጃንጥላ የመሰለውስ? የካፌ በረንዳ ላይ የሚቆመው? አይ፣ ለደጅ የተሠራ ነው አልክ። ተወው። እሱ ከሆነ ሙቀቱ እንዳይባክን በረንዳውን ይደፍነዋል።

ይሄኛውስ? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው። እህ… በአንዱ ቱቦ ከደጅ አየር ይስባል፣ በሌላው ጭሱን ወደ ደጅ ይተፋል። ሲሊንደሩም ደጅ ነው የሚቆመው። እሳቱ በሳጥን ተዘግቷል። የቤቱን አየር አይነካውም ማለት ነው። ገባኝ። ይሄ የሚዘጋው እሳቱን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። የሠራው ሰው ሚስቱን የሚወድ መሆን አለበት።

ሰጋቱራ አጠገቡ አይከመርም? እሺ። ቫርኒሽ ሲቀባስ? እሳቱ ቢዘጋም ያን ጊዜ ይጠፋል፣ በር ይከፈታል፣ ሽታው ሲወጣ ይለኮሳል። ቀላል ነገር ነው። ገጣጣሚስ ትልካለህ? የጋዝ ሠራተኛ ነው፣ መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብቶ ያያል… ደግ። እኔው ልግጠመው የሚል ቢመጣ እምቢ በል። እጁ ወርቅ ቢሆንም እምቢ በል። ወርቅ እጅ ሞርሳ ይዞ ይመጣል።

ይሄ ትንሹ ነገርስ? ያ የማይታየው ጭስ ሲበዛ የሚጮህ? እዚያ ቤት የሚጮህ ነበረ እኮ። የሚሰማ ነው የጠፋው። እስቲ አስጩኸው… እህ። ይሄስ ከሬዲዮው ይበልጣል። ያቺ ልጅ እንዲህ ያለ ጉሮሮ ቢሰጣት ኖሮ። እሱንም ጨምርልኝ፤ ከእኔ ነው።

አማቼ ምን ጠየቀህ? ለግድግዳው ማሞቂያ ግድግዳው መበሳት አለበት ወይ አለ? መልስለት እንጂ፣ ምን ታየኛለህ። ይበሳል። … አየህ፣ እጁ አሁንም ጎማ ያላት ላይ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ግድግዳው ላይ። አትናገረው። ያ ሰውም እዚህ ቢሆን ይሄ ነበር የሚከብደው። ያን ያህል የደከመበትን፣ ፀጉር የማያስገባውን ግድግዳ በገዛ እጁ ሊበሳው? ለአንተ ቀዳዳ ነው፤ ለእሱ ስድብ ነው። ሰው እንዳይስቅበት ይፈራል። ሰው ደግሞ ይስቃል፣ ምን ይደረጋል። ከሳቁበት በኋላ ሻይ ይጠጡበታል።

ያ ሰው እዚህ ቢኖር አንዲት ነገር ብቻ እነግረው ነበር። ሌላ አልጨምርም፣ ታውቀኛለህ ወሬ አልችልም። ልጄ ሆይ፣ ጉድጓድ እንደሆነ መቆፈሩ አይቀርም እለው ነበር። ወይ ግድግዳህ ላይ… ወይ…

ሻይህ ጥሩ ነው። ስኳሩ ብቻ በዛ።

…

ምን እያደረገ ነው? ዓይኔ አይደርስልኝም። ያቺን ገፍቶ ወደ ቦታዋ መለሳት? በደንብ? እርሳሱን ከጆሮው አወጣ… የቱቦውን ስፋት እየለካ ነው። ካርቶኑ ላይ ክብ ሠራ። ክቡ ጠማማ ሆነ። እኔ እሱን ካወቅኩት ጠማማ ክብ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው፤ አላጠፋውምም። ጠቅልልለት ወዳጄ። የግድግዳውን።

ና ልጄ፣ ቅረብ። ከዚህ ሰውዬ ጋር የማያውቀውን ሰው ስናማ ነበር። አልሰማህም አይደል? ደግ። ሐሜት ለጆሮ ጥሩ አይደለም።

ዛሬ ትመጣለች ወይ ነው ያልከኝ? ዛሬ አትመጣም። ቱቦው ይገጠም። ግንበኛው ረስቷቸው የሄደው ቀዳዳዎችም ይከፈቱ፤ ሰው ሥራውን አይጨርስ፣ ምን አገባህ። ከዚያ እኔ እመጣለሁ። ከፍ ብዬ እጄን ቀዳዳው ላይ እዘረጋለሁ። ንፋሱ መዳፌን ሲነካው ሄጄ አመጣልሃለሁ። መቀስ ማለት ሲያቅታት አትሳቅባት። ዝም ብለህ አቀብላት።

አታልቅስ፣ ሰው ያየናል። ይሄ ሰውዬ ማሞቂያ ሻጭ ነው እንጂ ንስሐ አባት አይደለም። ጎንበስ በል ይልቅ፣ ልመርቅህ።

ዕድሜህን ያርዝመው። እጅህን ይባርከው። ቤትህ ይሙቅ፣ ሥራህ ይቅናልህ። ክፉ አይንካህ። ቀኔ ሲደርስ አንተን ቀባሪዬ ያድርግህ። … የእኔ፣ የኔ ጌታ። የእኔ ብቻ።